ሳይጻፍ እንዳይጠፋ፤ ስለ ድብ ባሕርና ስለ ስሜን ደጋ የቀድሞ እርሻ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ምሳሌ ስለ ትምህርት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለመሬትም ያገለግላል። መሬት ከስፍራው አይጠፋም፤ ነገር ግን በመሬቱ ላይ የነበረው እርሻ፣ የማሳው ስም፣ የካቡ አያያዝ፣ የዘሩ ዓይነት፣ የውኃው መውረጃና የመንደሩ አሰፋፈር ይጠፋል። ይህ ሁሉ ከጠፋ በኋላ መሬቱ ጽሕፈቱ እንደ ተፋቀ ብራና ነው፤ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት ለሚጠይቀው ሰው መልስ አይሰጥም። ስለዚህ አገር ለማስተዳደር የተሾመ ሰው ግብሩን፣ መንገዱንና ጸጥታውን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በግዛቱ ያለውን የቀድሞ እርሻ አስመርምሮ ማስጻፍ ከሥራው አንዱ መሆኑን ሊያስብበት ይገባል።

ስለ አገሩ መልክ

ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ሜዳና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ገደል ወርዶ ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ያየ ይመስለዋል። በላይ ብርድና ውርጭ የሚበረታበት የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የአተር አገር ነው፤ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጣ ደግሞ እህሉ ሁሉ እየቀረ ገብስ ብቻውን ይቀራል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ሲወረድ ግን አየሩ ይሞቃል፤ በድብ ባሕርና ከዚያም ወዲያ በዛሪማ በኩል የጤፍና የማሽላ እርሻ ይጀምራል። የደጋው ገበሬ ገና ዘሩን በሚጠብቅበት ወራት የቆላው ገበሬ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የማረሻው ዓይነት አንድ ሲሆን የእርሻው ጊዜ፣ የዘሩ አመራረጥና የአጨዳው ወራት ይለያያል። የደጋው ገብስና የቆላው ማሽላ በገበያ ይገናኛሉ፤ አንዱ ዓመት ቢበላሽበት በሌላው ይደገፋል። እንዲህ ያለው የደጋና የቆላ መደጋገፍ በአንድ ቀን የተሠራ አይደለም፤ በብዙ ትውልድ ልምድ የተገኘ ነው።

መንገዱም ታሪክ ያለው ነው። በሊማሊሞ የሚወርደው የመኪና መንገድ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በኢጣልያኖች የተቀደደ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የነጋዴ ጉዞ በበቅሎና በአህያ ይህንኑ ገደል ይወጣና ይወርድ ነበር። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞን በዚህ በቀድሞው መንገድ ወጣ። እርሱም በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ነገሥታቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አዝርዕቱም ጻፈ፤ ጤፍን፣ ኮሶንና እንሰትን በሥዕል ጭምር አስቀረ። የአገሩ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነትና ስለ ሹመት በሚጽፉበት ዘመን አንድ እንግዳ ስለ እህሉ በመጻፉ ዛሬ ስለዚያ ዘመን እርሻ ጥቂት ነገር ሊታወቅ ቻለ።

በዚህ አገር ግንቡ ተጽፏል፤ ተራራውም ተጽፏል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ የጎንደር የፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ነገር ግን በግንቡና በተራራው መካከል ያለውን፣ ግንቡን ያስገነቡትን ነገሥታት ከነሠራዊታቸው የመገበውንና በተራራው ሥር የኖረውን ሕዝብ ያሳደገውን የእርሻ አገር በዚያው ልክ የጻፈው የለም። ጉድለቱ ይህ ነው።

ስለሚጠፋው ነገር

የግጭ መንደር ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ግጭ በስሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የነበረ፣ ገብስ እያረሰና ከብት እያረባ የኖረ መንደር ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተቋቋመ በኋላ የሰውና የአራዊት ኑሮ በአንድ ስፍራ መግባባት አልቻለም፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ እያነሱ፣ የግጦሹም ሣር እየተጎዳ ሄደ፤ ዩኔስኮም ፓርኩን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ቈጠረው። በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሆኑ የግጭ አባወራዎች ተነሥተው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

መነሣታቸው ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ግን አንድ ነው። በዚያ ብርድ ውስጥ ገብስን የሚያበቅል ዕውቀት በመጽሐፍ አልነበረም፤ በሰዎቹ ራስ ውስጥ ነበር። የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚዘራ፣ ውርጭ የሚመታው የትኛው ወገን እንደ ሆነ፣ መሬቱ ስንት ዓመት እንደሚያርፍ፣ የጓሳው ሣር መቼ እንደሚታጨድ የሚያውቀው ገበሬ ዛሬ በከተማ ተቀምጧል። ማሳው ሣር ለብሷል። ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ ከእርሱ ጋራ ይቀበራል፤ ልጁ በከተማ አድጎአልና አያውቀውም።

ሁለተኛው ምስክር የቤተ እስራኤል መንደሮች ናቸው። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፣ በወገራና በስሜን ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ርስት ስላልነበራቸው የሌላውን መሬት በጢሰኝነት ያርሱ ነበር፤ ከእርሻው ጋራ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹም ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚያሠራው በአብዛኛው ከእነርሱ ዘንድ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ መንደሮቻቸው በሌላ ሰው ተያዙ ወይም ፈረሱ። ማረሻ የሚሠራ እጅ ከአገር ሲወጣ የማረሻው አሠራር፣ የብረቱ አመራረጥና የሥራው ቋንቋ አብሮ ይወጣል። ይህንንም በጊዜው በየመንደሩ ያስመዘገበ ሹም ቢኖር ኖሮ ለሁለቱም ወገን ልጆች ትልቅ ሀብት በሆነ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር እንሰት ነው። በጎንደር አካባቢ ኮባ የሚባለው ተክል ዛሬ የሚታወቀው ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ በመሆኑ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ግን እንሰት ሚሊዮኖች የሚመገቡት ዋና ምግብ ነው። በቀድሞ ዘመን በጣና ዙሪያና በሰሜኑ አገር ይበላ እንደ ነበረ፣ ከቀረም ለምን እንደ ቀረ ሊቃውንት ሲመራመሩበትና ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩ የመጣው ገበሬው ሲተወው የጻፈ ሰው ባለመኖሩ ነው። በረኃብ ጊዜ ሕዝብን ሊያድን የሚችል ዕውቀት እንዲህ ያለ ጸጥታ ውስጥ ይጠፋል።

ከእነዚህም በቀር በየዕለቱ በዝግታ የሚጠፋ አለ። የቀድሞው ገብስ በተመረጠ ዘር ይለወጣል፤ ከማሳው ገሚሱ የባሕር ዛፍ ተክል ይሆናል፤ ሣር ክዳን ጎጆ በቆርቆሮ ይተካል፤ ከተማ ሲሰፋ በዳር ያለው እርሻ ቤት ይሠራበታል። ጦርነት ሲመጣም ዘርና በሬ ይጠፋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ ገበሬው ነፍሱን እንጂ የዘር ጎተራውን ለማዳን አልቻለም።

ይህ ሲባል ገበሬው እንዳይሻሻል፣ አገሩም በቀድሞው መልኩ ታስሮ እንዲቀር ማለት አይደለም። የስሜን ገበሬ አዲስ ነገር መቀበል ከጥንት ያውቃል። ዛሬ የደጋው ሕዝብ የሚበላው ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ገበሬውም ወደደውና የራሱ አደረገው። መለወጥ አይከለከልም። የሚያስፈራው ከምን እንደ ተለወጠ ሳይታወቅ መለወጡ ነው።

ጽሕፈት ያዳነው ነገር

መሬትን መጻፍ ለዚህ አገር አዲስ ሥራ አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የጉልትና የቤተ ክርስቲያን መሬት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ዳርቻ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ከደብረ ፀሐይ ቁስቋም ጀምሮ በየደብሩ የተገኙትን እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ዶናልድ ክረሚ የተባለ የታሪክ ሊቅ መርምሮ፣ ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበራዊ ኑሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ደብተራው በጊዜው የጻፈው ለውርስና ለሙግት እንዲያገለግል ነበር፤ ከ200 ዓመት በኋላ ግን ለታሪክ ምንጭ ሆነ። ሆኖም ያ ጽሑፍ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ምን ይዘራበት፣ እንዴትስ ይታረስ እንደ ነበረ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም።

ይህን ጉድለት በከፊል የሞላው ፍሬዴሪክ ሲሙንስ የተባለው የአሜሪካ የመልክዐ ምድር ሊቅ ነው። አገሩ የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ይባል በነበረበት ዘመን እየተዘዋወረ የገበሬውን መሣሪያ፣ እህል፣ ከብትና ገበያ መረመረ፤ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብና ኑሮ የጻፈውም መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ታተመ። የስዊስ አገር ሊቃውንትም በኋላ የስሜንን ተራሮች 1፡25,000 በሆነ ልክ ካርታ አነሡ፤ ከእነርሱ ወገን የሆነው ሐንስ ሁርኒ ከእርሻው ላይ የሚሸረሸረውን አፈር መረመረ። እነዚህ ሥራዎች የተጻፉት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከመታወጁ በፊትና በዚያው ዘመን አካባቢ ስለ ሆነ፣ የቀድሞውን እርሻ መልክ ከዛሬው ጋራ ለማስተያየት ያስችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የአየር ፎቶግራፍ ታሪክ ነው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ካርታ ለማንሣት ከአውሮፕላን ብዙ ፎቶግራፍ አነሡ። ፎቶግራፎቹ 50 በ20 ሳንቲሜትር በሚያህል ጠንካራ ሰሌዳ ላይ አራት አራት ሆነው ተለጥፈው፣ 8,281 ሰሌዳዎች በአዲስ አበባ በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ቤት ተቀምጠው ኖሩ። በኋላ ዘመን ሊቃውንት ሰሌዳዎቹን አጽድተው፣ ቈጥረውና ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው ሥራ ላይ አዋሏቸው። ጠላት ለወረራው ያነሣው ሥዕል ዛሬ የትኛው ኮረብታ ደን እንደ ነበረ፣ የትኛውም ሸለቆ በቦረቦር እንዳልተቈረጠ ለማወቅ ለኢትዮጵያውያን ያገለግላል። አንድ ዘበኛ ወይም አንድ ጸሐፊ «ይህ አሮጌ ሰሌዳ ምን ያደርጋል» ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ የ80 ዓመት ማስረጃ በአንድ ቀን በጠፋ ነበር።

እንዲህ ያለው ማስረጃ የተሳሳተ ወሬንም ያቀናል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በትግራይ በኩል ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ያን ኒሰን የተባለ የቤልጅግ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ይዞ፣ ፎቶግራፉ በተነሣበት በዚያው ስፍራ ቆሞ ከ140 ዓመት በኋላ እንደ ገና አስነሣቸው። ብዙ ሰው የሚያስበው ቀድሞ አገሩ ሁሉ ደን ነበር፣ ዛሬ ግን ተራቈተ ብሎ ነው። ሁለቱ ፎቶግራፎች ጐን ለጐን ሲታዩ ግን በብዙ ስፍራ የዛሬው መሬት ከቀድሞው ይልቅ ዛፍና ቍጥቋጦ የበዛበት፣ በእርከንም የተጠበቀ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአስተዳዳሪ ከፍ ያለ ነው፤ የቀድሞውን መልክ ሳያውቅ ስለ ጥፋትም ሆነ ስለ ልማት የሚናገር ሰው በግምት ይናገራል፤ በግምትም ገበሬውን ሊወቅስ ወይም የማይገባ ትእዛዝ ሊያዝበት ይችላል።

ስለ ዘር

ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የመስኮብ የአዝርዕት ሊቅ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በሰሜኑ አገር በኩል እየተጓዘ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የአዝርዕት መገኛ አገሮች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ የዘር ጠባይ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ክፍል ገብሱን ከሚያጠወልገውና ከሚያቀጭጨው የቢጫ ድንክ በሽታ ለማዳን አገልግሏል። እንግዲህ የደጋ ገበሬ በጎተራው ያስቀመጠው ጥቂት ቍና ገብስ በባሕር ማዶ ላለ ሕዝብ ሀብት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የዕፀዋት ዘር ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ዛሬ ሥራው በብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እጅ ነው። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ገበሬው የዘር እህሉን እንኳ ለመብላት በተገደደ ጊዜ የአገሩ ዘር ፈጽሞ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አደረጉ፤ ዘሩም በገበሬው እጅ እየተዘራ እንዲጠበቅ ደከሙ። ነገር ግን ዘር በብልቃጥ ብቻውን ቢቀመጥ ገሚሱ ነገር ነው። የዘሩ ስም፣ የተዘራበት ወራት፣ የሚወደው አፈር፣ ለጠላ ወይስ ለቆሎ፣ ለእንጀራ ወይስ ለበሶ የሚሻል መሆኑ አብሮ ካልተጻፈ፣ ዘሩ ባለቤቱ እንደማይታወቅ ዕቃ ይሆናል። ይህን የሚናገረው ደግሞ ሊቁ ሳይሆን የቤቱ እመቤትና አራሹ ነው።

ስለ ሥራው አካሄድ

የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበሬው የይዞታ ደብተር ሰጥቷል፤ በኋላም ካርታ ያለበት ሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት መስጠት ተጀምሯል። ይህ ሥራ ድንበር በመለየቱ ብዙ ሙግት አስቀርቷል፤ ለሴቶችም መብት ጠቅሟል። ደብተሩ የባለይዞታውን ስም፣ የመሬቱን ስፋትና አዋሳኙን ይናገራል። የቦታው ስም ቢጻፍ እንኳ ስሙ ከምን እንደ መጣ፣ ካቡን ማን እንደ ካበው፣ ምን ዘር እንደ ኖረበት አይናገርም። ነገር ግን መዝጋቢው ለልኬት በሚወጣበት ቀን ባለቤቱ፣ አዋሳኞቹና የአገር ሽማግሌዎች በማሳው ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ጉባኤ በሌላ ቀን በብዙ ወጪ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ በዚያው ቀን ጥቂት ጥያቄ ቢጨመር ሥራው ያለ ብዙ ድካም ይፈጸማል። የሚጻፈውም እንደሚከተለው ቢሆን ይበቃል።

1ኛ፤ የማሳው፣ የኮረብታው፣ የምንጩና የጅረቱ ስም፤ ስሙ የተሰጠበት ምክንያት።

2ኛ፤ የቦታው ፎቶግራፍ። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቦታ በድንጋይ ወይም በታወቀ ዛፍ ምልክት ይደረግበት፤ ቀኑና ያነሣበት አቅጣጫም ይጻፍ፤ ከ20 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ቆሞ እንደ ገና ለማንሣት እንዲቻል።

3ኛ፤ የሚዘራው እህል ሁሉ በአገሬው ስሙ፤ ገብስ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው ገብስ እንደ ሆነ፣ መልኩ፣ የሚዘራበትና የሚታጨድበት ወራት፣ ለምን ምግብ እንደሚሻል ይጻፍ።

4ኛ፤ የእርሻው መሣሪያ ከነክፍሎቹ ስም፤ ማረሻው፣ ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉ፣ እርፉና ምራኑ ከምን ዓይነት እንጨትና ቆዳ እንደሚሠሩ፣ ማንም እንደሚሠራቸው።

5ኛ፤ የውኃና የአፈር አያያዝ፤ ካቡ፣ እርከኑ፣ የጎርፉ ፈሰስ፣ የምንጩ ተራ።

6ኛ፤ የእህሉ መፈራረቅና የመሬቱ ማረፍ፤ እንዲሁም ደቦና ወንፈል የሚጠሩበት ሥርዓት።

7ኛ፤ የግጦሽና የጓሳ ሣር አጠባበቅ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደን፤ በማሳ መካከል የተተዉ ዛፎች ከነስማቸው።

8ኛ፤ የተናገረው ሰው ፈቃዱ ከተጠየቀ በኋላ ስሙ፣ ዕድሜውና የተናገረበት ቀን። ሁለት ሽማግሌዎች ባይስማሙ የሁለቱም ቃል ይጻፍ እንጂ ጸሐፊው ራሱ አይፍረድ።

ይህን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ወይም ከውጭ የመጣ ሊቅ አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ ዱድሊ ስታምፕ የተባለ የመልክዐ ምድር መምህር የአገሩን መሬት አጠቃቀም ለመመዝገብ በፈለገ ጊዜ ሥራውን በአብዛኛው የፈጸሙለት የየወረዳው መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ልጆቹ ካርታ ይዘው ከማሳ ማሳ እየዞሩ የታረሰውን፣ ሣር የሆነውንና ደን የሆነውን በቀለም ለዩ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ እህል በመርከብ መግባት ሲቸገር፣ መንግሥቱ የትኛውን መሬት እንደሚያሳርስ ለማወቅ በዚያ ካርታ ተጠቀመ። የተማሪ ሥራ ነው ተብሎ ያልተናቀ ካርታ ሕዝብን ለመመገብ ረዳ። በድብ ባሕር፣ በደባርቅና በዳባትም ትምህርት ቤት አለ፤ በደባርቅና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በየተማሪው ቤት አያት አለ። ተማሪው አያቱን ጠይቆ ቢጽፍ ትምህርትም ነው፤ ለአገርም አገልግሎት ነው።

ከተጻፈም በኋላ ጽሑፉ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያሻል። አንዱ ቅጂ በወረዳው፣ አንዱ በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ እሳት ወይም ጦርነት አንዱን ቢያጠፋ ሌላው ይተርፋል።

ሊጠነቀቁት ስለሚገባ ነገር

ገበሬ መሬቱን የሚጽፍ ሰው ባየ ጊዜ እንደሚጠረጥር መዘንጋት አይገባም፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በጎጃም ብርቱ ዓመፅ የተነሣው ሕዝቡ መሬቱ የሚለካው ርስቱን ለመንጠቅ ነው ብሎ ስለ ፈራ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለው ምዝገባ ከግብር አሰባሰብና ከመሬት ክርክር ፈጽሞ ተለይቶ መሠራት አለበት። የሚጽፈው ሰው ከግብር ሰብሳቢው ጋራ አብሮ አይሂድ፤ የተጻፈውም በሙግት ጊዜ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ አስቀድሞ ይነገር። አስተዳዳሪው ራሱ ወይም የታመነ የአገር ሽማግሌ በጉባኤ ተነሥቶ «ይህ ለልጆቻችሁ መታሰቢያ ነው» ብሎ ቢያስረዳ፣ ቃሉንም ቢጠብቅ፣ ገበሬው የሚያውቀውን አይሸሽግም። ቃሉን አንድ ጊዜ ካፈረሰ ግን ሁለተኛ የሚነግረው አይገኝም።

ሰፊ ይዞታ ያላቸውና በሰው የሚያሳርሱ ሰዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የአያቶቻቸው ደብዳቤ፣ የቀድሞ የግብር ደረሰኝ፣ የስጦታ ወረቀትና አሮጌ ፎቶግራፍ በብዙ ቤት በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በአይጥና በምስጥ ይበላል። ወረቀቱን ለመስጠት ባይፈልጉ እንኳ እንዲገለበጥ ቢፈቅዱ ለአገር ትልቅ ውለታ ይሆናል። ከዚህም ጋራ በመሬታቸው ላይ የሚኖረውን የአራሹን ቃል ማስጻፍ ይገባቸዋል፤ የመሬቱን ጠባይ ከባለይዞታው ይልቅ ብዙ ጊዜ አራሹ ያውቀዋልና።

ስለ ጥቅሙ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ጥቅም ነው የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። በደቡብ የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ የያዘው የእርከን እርሻ በ2003 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ሕዝብም እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አስተባብሮ የያዘበት እርሻ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት ገበሬው የሠራው መሬት እንደ ግንብና እንደ ሐውልት ሊከበር የሚገባው መሆኑ ስለ ታመነ ነው። መታመኑም የመጣው አስቀድሞ በጥንቃቄ ስለ ተመረመረና ስለ ተጻፈ ነው። ያልተጻፈ እርሻ ምንም ያህል ቢያምር በሸንጎ ፊት ሊቆም አይችልም።

ክብር ባይገኝበት እንኳ ለዕለት ሥራ ይጠቅማል። አዲስ ዘር ወደ ደጋ ሲላክ የቀድሞው ዘር ለምን እንደ ተወደደ የሚያውቅ ሹም አይሳሳትም፤ እርከን ሲታዘዝ አያቶች ፈሰሱን በየት በኩል እንዳወጡት የሚያውቅ መሐንዲስ ውኃውን በገበሬው ማሳ ላይ አይለቅበትም፤ መንደር ሲነሣም ሕዝቡ ምን ዕውቀት ይዞ እንደሚሄድ የሚያውቅ አስተዳዳሪ በአዲሱ ስፍራ የሚሆነውን ሥራ ያዘጋጅለታል።

ኢትዮጵያ የእርሻ ሚኒስቴር ያቋቋመችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስለሚመጣው ምርት ብዙ ታቅዷል፤ ስላለፈው እርሻ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ከሊማሊሞ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ ድብ ባሕር የሚመለከት ሹም በዓይኑ የሚያየው ማሳ ሁሉ ስም አለው፤ ስሙንም የሚያውቅ ሰው ዛሬ በመንደሩ ተቀምጧል። ሽማግሌው ነገ አይገኝም። ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ በዚህ ወር አንድ ቀበሌ፣ በዚያም ቀበሌ አንድ ሽማግሌ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ እርሳስ ቢጀመር ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።